ከምረቃ በኋላ ያለው ጊዜ፡- ሥራ ፈልጎ ስለመቆየትና ተስፋ ስላለመቁረጥ

እንደሚታወቀው በክፍላችን መጽሔት ላይ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኞቹ በትምህርታችን ዙሪያ ያተኮሩ ናቸው። እኔ ግን በዚህ ዕትም ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ጊዜ ለመጻፍ ፈለግሁ። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ማታ ማታ ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ የምናወራው ስለዚህ ነው፤ ቀን ቀን ግን ማንም አያነሳውም። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በደቡብ ወሎ ዞን በከላላ ወረዳ ነው። በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም ዲግሪያቸውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ቤት የተቀመጡ ልጆችን የማያውቅ ሰው የለም። ታላቅ ወንድሜም በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ተኩል ያለ ሥራ ቆይቷል። ስለዚህ ነገሩን ያየሁት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በእኛ አገር ሰው ሲከፋው «አብሽር!» ይባላል። ወንድሜ በእነዚያ ዓመታት «አብሽር» ያላለው ሰው አልነበረም። ቃሉ ደግ ነው፣ ከልብም ነው የሚባለው። ነገር ግን አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲባል ምን ይሆናል? ለመሆኑ ተስፋ የሚቆረጠው እንዴት ነው? የሚቀጥለውስ በምን ነው? ይህ ጽሑፍ ይህንን በአቅሙ ለመዳሰስ ይሞክራል።

በመጀመሪያ ከወላጆቻችን ጋር የማያግባባንን ነገር ላንሳ። እናቴ ወንድሜን ትጠይቀው የነበረው «ሥራ አገኘህ ወይ?» ብላ አይደለም፤ «መቼ ነው የሚመድቡህ?» ብላ ነው። ይህ አነጋገር ከየት መጣ ብንል ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን ኮሌጅ የጨረሰ ሰው መንግሥት ይመድበው ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ተመደበበት መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ይህ አሠራር እየቀረ ሄደ። የተማሪው ቁጥር ደግሞ በጣም ጨመረ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለእኛ አካባቢ እንኳ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢ አለው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፈው ከተፈተነው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ወላጅ ግን በልቡ ያለው የድሮው ሥዕል ነው። ልጁ ያልተመደበው አንድ ጥፋት ስላለበት ይመስለዋል፤ ልጁም አፉን ሞልቶ «ምደባ የሚባል ነገር ቀርቷል» ብሎ ለማስረዳት ያፍራል፤ ምክንያት የሚደረድር ይመስልበታል። እኔ እንደማየው ግማሹ ጭንቀት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ራቅ ብለን ወደ ኦስትሪያ እንሂድ። ማሪየንታል የምትባል፣ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚተዳደር መንደር ነበረች። በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930፣ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ወደ መንደሩ ገብተው ሥራ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን አጠኑ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1933 ታተመ። ሥራ ያጣ ሕዝብ ይቆጣል ወይ? ያምጻል ወይ? የሚል ጥያቄ በዚያ ዘመን ነበረ። እነሱ ያገኙት ግን ድንዛዜ ነው። ሰው ሁሉ ጊዜ ሞልቶት ሳለ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገምተኛ ሆነ፣ በየመንገዱ መቆም አበዙ፣ ብዙዎቹም ሰዓት ማሰር ተዉ። ዛሬ ምን ሠራችሁ ተብለው ሲጠየቁ ከመነሳት፣ ከመብላትና ከመተኛት በስተቀር የሚያስታውሱት ትንሽ ነበር።

ይህንን ሳነብ ወንድሜን ነው ያየሁት። እሱም ግቢ እያለ ልብ ወለድ ይጨርስ የነበረ ልጅ፣ ቤት ከገባ በኋላ አንድ መጽሐፍ አልገለጠም። እናታችን «ሰነፈ» ትል ነበር። ነገሩ ስንፍና አይደለም። ማሪ ያሆዳ በኋላ ዘመን እንዳብራራችው ሥራ ከደመወዙ ሌላ ሳናውቀው የሚሰጠን ነገር አለ፤ ቀናችንን ይከፋፍልልናል፣ ከቤተሰብ ውጪ ካለ ሰው ጋር ያገናኘናል፣ ከግላችን በላይ በሆነ ዓላማ ውስጥ ያስገባናል፣ በሰው ፊት «ማን ነህ?» ስንባል የምንመልሰው ይሰጠናል፣ ባንፈልግም ያንቀሳቅሰናል። ሥራ ሲጠፋ እነዚህ ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከቤት የሚያገኝ ሥራ አጥ እንኳ ይጎዳል። «ምን ጎደለው፣ ቁጭ ብሎ ይበላ የለ?» የሚል ሰው ይህንን ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ዳንኤል ሜንስ የተባለ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ በጅማ ከተማ ሥራ ስላጡ ወጣቶች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትሟል። የመጽሐፉ ርዕስ «ተስፋ መቁረጥ» ከሚለው ከእኛው አማርኛ የተወሰደ ነው። ወጣቶቹ የተማሩትን የሚመጥን የመንግሥት ሥራ እየጠበቁ ዓመታት ይቆያሉ። የቀን ሥራ ወይም ሊስትሮ ግን በገዛ ከተማቸው አይሠሩም። ለምን? በይሉኝታ። ያው ሥራ ግን ማንም በማያውቃቸው ውጭ አገር ቢሆን ይሠሩታል። እኛም ስንቱን እናውቃለን! ከላላ ላይ በርበሬ ለመሸጥ ያፈረ ልጅ ሳዑዲ ሄዶ ፍየል ይጠብቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመራቂዎች በኮብልስቶን ሥራ ሲሰማሩ የነበረውን ቀልድና ፌዝም ማስታወስ ይቻላል።

ይሉኝታን ግን ዝም ብሎ ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ይሉኝታ ማለት ሰው ያየኛል፣ ሰው ያስበኛል ማለት ነው፤ ሲቸግረን የሚደርስልንም ያው የሚያየን ሰው ነው። ችግሩ ያለው ሥራ የሌለው ሰው በይሉኝታ ምክንያት ከሰው ሲደበቅ ነው። ወንድሜ በመጀመሪያው ዓመት ገበያ ቀን ከቤት አይወጣም ነበር፤ «ገና ነህ?» የሚለውን ላለመስማት። ለቅሶ ቤት እንኳ የሚሄደው አመሻሽ ላይ ነበር። ታዲያ ሥራ በሰው በኩል ነው የሚሰማው። የማይታይን ሰው ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ ተስፋ የሚቆረጠው ማመልከቻ ሲመለስ ብቻ አይደለም፤ ከሰው በተደበቅን ቁጥር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቆረጣል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

ወንድሜን ያወጣው ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ የእህል ነጋዴ ጎረቤታችን «ባክህ ይቺን ደብተር አስተካክልልኝ፣ ዱቤው ተደባልቆብኛል» አለው። ክፍያው ለካርድና ለሻይ ቢሆን ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ነጋዴ ሆኑ። ገበያ ቀን ከእህሉ ከረጢት መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በኋላ ግን ሰው «ገና ነህ?» ማለቱን ትቶ «የእኔንም እይልኝ» ማለት ጀመረ። የኋላ ኋላ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈለግ የነገረው ከእነዚሁ ነጋዴዎች አንዱ ነው። ተወዳድሮ ገባ። እርግጥ ነው ሁሉም እንዲህ አይቀናውም። የእሱ ባልንጀሮች እንዲሁ ደፋ ቀና ብለው እስካሁን ያላገኙ አሉ፤ የሥራ ቦታው ራሱ ጥቂት ነውና ጥፋቱን በእነሱ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ስለ ሴት ተመራቂዎች ካላነሳሁ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። በማሪየንታል ጥናት ሴቶቹ የቤት ሥራ ስለነበረባቸው ቀናቸው እንደ ወንዶቹ አልፈረሰም። በእኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ችግር አለው። የተመረቀች ልጅ ቤት ስትገባ ውኃው፣ እንጀራው፣ ቡናው ሁሉ እሷ ላይ ስለሚወድቅ ሥራ አጥ መሆኗን ማንም ልብ አይላትም። ማስታወቂያ ለማየት ወረዳ ልሂድ ብትል «ማን ቤት ይዋል?» ትባላለች። ከዚያ አንድም ትዳር ይመጣል፣ አንድም የዓረብ አገር ጉዞ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ከተመለሱት መሀል ብዙ የወሎ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ወላጆች በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን እንኳ ሥራ ፍለጋ ብለው ቢለቁላት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፍለጋው እንምጣ። ከእኛ ወረዳ ሆኖ ሥራ መፈለግ አዲስ አበባ ሆኖ እንደመፈለግ አይደለም። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ ይቻላል፤ እኛ ጋ ማስታወቂያው የሚገኘው በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ ወይም በቴሌግራም ነው። አንዳንዱ የምዝገባ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም «በአካል ቀርባችሁ» ይላል። ደሴ ደርሶ ለመመለስ ትራንስፖርቱ፣ አልቤርጎው፣ ፎቶ ኮፒው ሲደመር ለአንድ ማመልከቻ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ፣ መንገዱም ተዘግቶ ያመለጠው ዕድል ስንት ነው!

ታዲያ ካለን ጥቂት ገንዘብ ምኑ ላይ ማዋል ይሻላል? በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ የተደረገ አንድ ሙከራ ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው ከሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ለአንዳንዶቹ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌሎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ኮሌጅ አማካይነት ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ አሰልጥነው ችሎታቸውን ፈትነው ማስረጃ ሰጧቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቷል። ችሎታቸውን ማሳየት የተማሩት ግን ገቢያቸው ከሌሎቹ በ20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከዚህ የምረዳው አሠሪው የሚቸግረው የእኛን ችሎታ ማየት እንደሆነ ነው። ሲቪ ላይ «ታታሪና ታማኝ ነኝ» ብሎ መጻፍ ምንም አያሳይም፤ ሁሉም ይጽፈዋልና። «ለሦስት የእህል ነጋዴዎች የዱቤ መዝገብ ለአሥር ወር ይዣለሁ» የሚለው ግን ያሳያል። ከነጋዴው የተጻፈችና የተፈረመች አንዲት ደብዳቤ «0 ዓመት» ከሚለው ሰልፍ ታወጣለች። ሰው የሚያስጠና በሚያስጠናው፣ ጤና የተማረ በበጎ ፈቃድ ባገለገለበት እንዲሁ ማድረግ ይችላል።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልበል። «ሥራ አስገባሃለሁ፣ ቅድሚያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ሲመጣ ተስፋ የቆረጠ ልጅ በግ ሸጦም ቢሆን ይከፍላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝን ሲተረጉም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ብሎ ነው። ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ የሚጠይቅ አገናኝ ገና ከመነሻው ከሕጉ ውጪ ነው ማለት ነው። ተደራጅቶ ብድር መውሰድም አለ፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው አብቁተ በቡድን ዋስትና በማበደር ይታወቃል። እኔ የምመክረው ግን ከማን ጋር እንደምትደራጁ ሳታውቁ ለቁጥር ማሟያ ስማችሁን እንዳትሰጡ ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ዕዳው ለቀሪዎቹ ይተርፋልና።

ቤት ያላችሁበትን ጊዜ በተመለከተ ወንድሜ በኋላ የያዘው አሠራር ቀላል ነበር። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳና ቴሌግራም ያያል፤ በሌላው ቀን አያይም፣ ምክንያቱም በየሰዓቱ ማየት ራስ ምታት እንጂ ሥራ አላመጣለትም። ያመለከተበትን ቀንና የመለሱለትን በደብተር ይጽፋል። ገበያ ቀን ከሰው መሀል ይውላል። ማታ ከአንድ እንደ እሱ ሥራ ከሚፈልግ ጓደኛው ጋር ይገናኛሉ፤ ጫት ቤት ሳይሆን በእግር መንገድ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ይህ በፕሮግራም የሚያልፍ ስላልሆነ ለቅርብ ሰው ነግሮ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ዱዓውም ጸበሉም ይህንን አይከለክልም።

ለዘንድሮ ተመራቂዎች የመጨረሻ ማሳሰቢያ፦ ከግቢ ሳትወጡ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒያችሁን ተቀበሉ፣ የኮስት ሼሪንግ ውላችሁን አጣሩ፣ በስማችሁ ላይ የፊደል ስህተት ካለ ከመታወቂያችሁ ጋር አስተያይታችሁ እዚሁ አስተካክሉ፣ ኮፒውንም ቢያንስ አሥር አሥር አድርጉ። ሬጅስትራር በክረምት ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከላላ ከገባን በኋላ ለአንድ ማኅተም ተመልሶ መምጣት ደግሞ የአንድ በግ ዋጋ ይፈጃል።