በኪስ የሚያዝ ማዑን



ሱረቱል ማዑን አጭር ስለሆነች ብዙዎቻችን ገና በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ሐፍዘናታል። የመጨረሻዋ አንቀጽ «ማዑን»ን የሚከለክሉ ሰዎችን ትወቅሳለች። አንዳንድ ሙፈሲሮች ቃሉ ዘካን ያመለክታል ይላሉ። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ግን ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱት እንደ ድስት፣ ባልዲና መጥረቢያ ያለ ዕቃ መሆኑን አብራርተዋል። እኛ በዶርም ውስጥ የምንዋዋሰው ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መቀስ ነው። እነዚህን አንድ ላይ አጥፎ የያዘው ትንሹ የኪስ መሣሪያ ለእኛ ጥሩ ማዑን ሊሆን ይችላል፤ አጠቃቀሙን ካወቅንበት።

መሣሪያው የመጣው ከችግር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስዊዘርላንድ ጦር ወታደሮቹ የታሸገ ምግብ የሚከፍቱበትና ጠመንጃቸውን የሚፈቱበት ሰንጢ ፈለገ። ካርል ኤልስነር የተባለ ሰንጢ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ያስመዘገበው የመኮንኖች ሰንጢ ዛሬ በቀይ እጀታው ለምናውቀው መነሻ ሆነ። ፒንሳ የጨመረበት ደግሞ ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ሲዞር መኪናዋን ለመጠገን ፒንሳ እያጣ ተቸገረ። ሥራው ለገበያ የበቃው በ1983 ነው። ሰብር ይሏል ይህ ነው።

ስንመርጥ መጀመሪያ የምናስበው የግቢውን በር ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለት ያለው ነገር አይገባም። ጥበቃዎች ሥራቸውን ነው የሚሠሩት፤ ደብቆ ማስገባትም ከሙስሊም ተማሪ አይጠበቅም። ስለዚህ ቢላ የሌለውን፣ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴና የመደመር ምልክት ቅርጽ ያለው ካቻቢቴ የያዘውን እንምረጥ። መቀስ ካለው አስቀድመን እንጠይቅ። በአውሮፕላን ወደ ቤተሰብ ስንሄድም በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እናድርገው።

ጥቅሙ በጥቃቅን ነገሮች ይታያል። የላላች የመነጽር ብሎን፣ የሎከር ማጠፊያ፣ የቦርሳ ዚፕ በደቂቃ ይስተካከላሉ። የውዱእ ቧንቧ እጀታ ብሎኑ ሲላላ በከንቱ ይዞራል፤ ውሃውም ሳይዘጋ ያድራል። ኃላፊውን አስፈቅዶ ያችን ብሎን ማጥበቅ ከኢስራፍ ያድናል።

ካቻቢቴ ስንጠቀም ጫፉ የብሎኑን ጎድጓዳ በደንብ መሙላት አለበት። ካነሰ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ካቻቢቴም አይዘውም። ቀጥ አድርገን ወደ ብሎኑ እየተጫንን እናዙር። ብሎን የሚፈታው በጉልበታችን መጠን ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱ ከመሐል ያለው ርቀትም ይወስናል። የኪስ መሣሪያ እጀታው ቀጭንና አጭር ስለሆነ የዛገ ትልቅ ብሎን አይፈታም። ከታገልነው የሚሰበረው መሣሪያው፣ የሚቆስለው እጃችን ነው።

ከሁሉም በላይ የምናስጠነቅቀው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። መሣሪያው ከጫፍ እስከ እጀታው ብረት ነው። እጀታው ላይ ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ለማማር እንጂ ኤሌክትሪክ ለመከላከል አይደለም። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ሲሆን ሰው ለመግደል ይበቃል። የተበላሸ ሶኬት፣ ዲቫይደር ወይም ምድጃ ላይ ኤሌክትሪክ እያለ ፈጽሞ አንነካካ። ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ከሶኬቱ መንቀል ያስፈልጋል። የግድግዳውን ሶኬት ግን ለግቢው ኤሌክትሪሻን እንተወው። ወንድምን መርዳት ኸይር ነው፤ ነፍስን ለጥፋት ማጋለጥ ግን ኸይር አይደለም።

አደቡንም ዲናችን አስተምሮናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የተመዘዘ ሰይፍ መቀባበልንም መከልከላቸው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። የእኛ መሣሪያ ትንሽ ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው፦ ስንሰጥ አጥፈን፣ ስንሄድም አጥፈን።

የማይዝግ የሚባለው ብረትም እርጥበት ከቆየበት ሊዝግ ይችላል። ከረጠበ እናድርቀው፤ ማጠፊያው ሲጠነክር ጠብታ ዘይት እናድርግበት።

የተዋሰ ሰው ዕቃው አማና መሆኑን አይርሳ፤ ሳይጠየቅ በጊዜው፣ ንጹህ አድርጎ ይመልስ። ያለው ሰውም ጎረቤት ዶርም ሲያንኳኳ «የለኝም» አይበል። ሱራዋ የምትወቅሰው ትልቅ ሀብት የነፈገውን ብቻ ሳይሆን ይህችን ትንሽ ነገር የከለከለውንም ነው።

ወላሁ አዕለም።