ሙዚቃው ሲጠፋ ፍቅሩ ይቀራል?

እናንተዬ! አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ቢታይ ነው የሚሰለቸው? እኔ አንዱን የኮሪያ ድራማ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሃያ አምስት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ይሆናል። አባዙት … መቶ ሰዓት! እናቴ «በዚህ ሰዓት ሌላ ሰው ዲግሪ ይሠራበት ነበር» እያለች ታሾፍብኛለች። እኔ ደግሞ «እማዬ፣ እኔም የትም የማይሰጥ ትምህርት ተምሬበታለሁ» እላታለሁ።

ቀልዴን አይደለም። ልገባበት በሩ ላይ ከደረስኩበት ክፉ ትዳር የመለሰኝ ይኸው እናቴ የምትረግመው ድራማ ነው። ወደዚያ በር የመራኝም እሱው ነበር ብል አላጋነንኩም። እስቲ ከሥሩ ጀምሬ ላጫውታችሁ።

ድሬና የባሕር ማዶ ፍቅር

ድሬዳዋ ላይ ያደገ ሰው የእስያ ፍቅር አዲስ አይሆንበትም። ከእኛ በፊት የነበሩት በህንድ ፊልም አልቅሰዋል። እናቴ እ.ኤ.አ በ1957 ስለወጣው «ማዘር ኢንዲያ» ስታወራ ዛሬም ዕንባዋ ይቀድማታል፤ ከቋንቋው አንዲት ቃል ሳታውቅ! ከዚያ የቪዲዮ ቤት ዘመን መጣ፤ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ፍላሽ። «ትርጉም ፊልም» የሚባለውንም አትረሱትም መቼም። አንድ ድምፁ ጎርናና ሰውዬ ልጁንም፣ ልጅቷንም፣ አማቷንም ሆኖ ብቻውን ሲያወራ! ልጅቷ ዕንባዋን እያወረደች «እወድሃለሁ» ስትል በዚያ ወፍራም ድምፅ … አቦ፣ እሱም ሆኖ ተነፋርቀንበታል። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ደግሞ ቱርኮቹ ሳይቀሩ በአማርኛ አፋቸውን ፈቱ። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃውሞ ሲያሰሙ፣ እናቶቻችን የእራት ሰዓታቸውን ከድራማው ጋር አስማሙ።

የእኔ ልብ ግን ከኮሪያዎቹ ጋር ቀረ። ኮሪያ ደግሞ ለድሬ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። በ1943 ዓ.ም የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ ጅቡቲ ላይ ነው መርከብ የተሳፈረው፤ ያ ባቡር ደግሞ በእኛው ለገሀር ነበር የሚያልፈው። በዚያ ዘመቻ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ቹንቾን በምትባል ከተማ የቆመላቸው መታሰቢያ እ.ኤ.አ በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል፤ በዚያው ዓመት አጠገቡ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና የሚጠጣበት ቤት ተከፍቷል። እ.ኤ.አ በ2002 ኮሪያ ላይ ወጥቶ ኋላ ጃፓንንም ያስለቀሰው «ዊንተር ሶናታ» ታሪኩ የሚጀምረው እዚያችው ቹንቾን ላይ ነው። እንግዲህ ፍቅሩ ከየት እንደመጣ ገባችሁ?

ልማዳቸውም ይመስለናል። ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጡ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደገፍ ያደርጋሉ፤ ልክ እንደ እኛ። «በላህ ወይ?» ማለት እነሱም ዘንድ «እንዴት ነህ?» እንደ ማለት ነው። አንቱታም አላቸው። ሁለቱ ፍቅረኞች ከአንቱታ ወደ «አንተ» እና «አንቺ» የሚሻገሩባት ቅጽበት በእንግሊዝኛው ትርጉም ውስጥ ጠፍታ ትቀራለች፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ትገባዋለች። ድሬ ላይ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ «አንተ» ተባብለን ስለምንጨርስ ያቺ ቅጽበት እኛን አምልጣናለች እንጂ!

ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ

የእኔ ጉድ «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» ይባላል። ታሪኩ መነሻው ዮኮ ካሚዮ የምትባል ጃፓናዊት የጻፈችው በሥዕል የሚነበብ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ በ2001 ታይዋን ሠራችው፣ በ2005 ጃፓን፣ በ2009 ኮሪያ፣ በ2018 ደግሞ ቻይና። እንዲያውም «ደጋግመሽ ታያለሽ» ብላችሁ እኔን ከምትታዘቡኝ፣ ደጋግመው የሚሠሩትን ታዘቡልኝ።

የልብስ ንጽሕና ቤት ያላቸው ድሃ ወላጆች ልጅ፣ ጃን ዲ፣ የባለጸጎች ልጆች ትምህርት ቤት ትገባለች። እዚያ አራት ቆነጃጅት ወንዶች ነግሠዋል። አለቃቸው ጉ ጁን ፒዮ ያልወደደው ተማሪ ላይ ቀይ ካርድ ያወጣል፤ ቀይ ካርድ የወጣበትን ተማሪ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያሳድደዋል። ለእሷም ቀይ ካርድ ይደርሳታል። ከዚያ ይወዳታል። ፍቅሩን እንዴት እንደሚገልጽ አያውቅበትም፤ እጇን ይጎትታል፣ ይጮኻል፣ ሰዎቹን ልኮ አስይዞ ቤቱ ያስወስዳትና ያለፈቃዷ ያስለብሳታል፣ ያስኳኩላታል።

መጀመሪያ ያየሁት በ2003 ዓ.ም ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጁን ፒዮ እጇን ጨብጦ ሲጎትታት፣ ያ ሙዚቃ ከሥር ሲነሣ … ወላሂ ትንፋሼ ቀጥ ይል ነበር። ፍቅር እንዲህ ነው ብዬ ደመደምኩ። የማይጎትት፣ የማይቀና፣ የማይቆጣ ወንድ ቀዝቃዛ ሻይ መሰለኝ።

ሁለተኛውን ያየሁት ጓደኛ ከያዝኩ በኋላ ነው። ልጁ ሥራ አለው፣ ይለብሳል፣ ሲስቅ ያምራል። ስልኬንም ይፈትሻል። አንድ ቀን ከዚራ ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሻይ ስጠጣ ደረሰብኝና እጄን ጨብጦ አስነሥቶ ባጃጅ ውስጥ ከተተኝ። አንጓዬ ሦስት ቀን በልዞ ሰነበተ። ለጓደኞቼ ምን ብዬ ነገርኳቸው መሰላችሁ? «ቀናብኝ እኮ!» በኩራት! ማታ ቤቴ ገብቼ ድራማውን ከፈትኩ። ጁን ፒዮም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጁን ፒዮም በመጨረሻ ይለወጣል። የእኔውም ሃያ አምስተኛው ክፍል ላይ ይለወጣል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ።

«ድምፁን ቀንሱት!»

ሦስተኛው በ2012 ዓ.ም ነው፤ ኮሮና ቤት ያስቀመጠን ጊዜ። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጧል። ታናሽ እህቴ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ «ያንን የምትወጂውን አሳይኝ» አለችኝና ከፈትኩላት።

የድሬ የሰባት ሰዓት ሙቀት ይታወቃል። ከተማው ተኝቷል፣ እናቴም ጓዳ ጋደም ብላለች። እኔና እህቴ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን፣ ሙሸበካችንን ይዘን ተጋድመናል። ያ የእጅ መጎተት ትዕይንት ደረሰ። እህቴ ትራሷን አቅፋ «ምናለ እኔንም እንዲህ የሚጎትተኝ ባገኘሁ!» አለች። ደንገጥ አልኩ። ለምን እንደደነገጥኩ ግን አልገባኝም።

እሷ ትዕይንቱን እንደገና ልታየው ወደ ኋላ መለሰችው። ይኼኔ እናቴ ከጓዳ «ድምፁን ቀንሱት! ሰው አይተኛም እንዴ?» ብላ ጮኸች። እህቴ ጭራሽ አጠፋችው። ያለ ድምፅ አየነው።

ቬንትሌተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ሙዚቃ የለም። አንድ ረጅም ልጅ አንዲት አጭር ልጅ እየጎተተ ይሄዳል፤ እሷ እግሯ ይጠላለፋል፣ እጇን ለማስለቀቅ ትታገላለች። ፊቷ ላይ ምንም የፍቅር ነገር የለም። ወዴት እንደሚወስዳት አታውቅም። ሳላስበው የራሴን አንጓ ይዣለሁ። እህቴ ማያዋን ትታ እኔን ታያለች። «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ግን ምንም አልነበረም?

ከዚራ ላይ ያን ቀን ሙዚቃ አልነበረም። ሙዚቃውን የጨመርኩበት እኔው ነኝ።

በዚያው ሳምንት ነገሩን አቆምኩት። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ለቅሶው፣ የሰው ወሬው፣ «ደህና ልጅ አስቀየመች» የሚለው … በር ድረስ መጥቶ ሲጮህ አጎቴ ወጥቶ «አቦ ልጄ፣ ልጅቷ በቃኝ ብላለች፤ በቃኝ ማለት በቃኝ ነው» አለው። ነገሬን ለቤተሰብ ባልናገር ኖሮ አጎቴ በሩ ላይ አይቆምልኝም ነበር። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ጥፋቱ የድራማው ነው?

አራተኛውን ያየሁት ለመፍረድ ነው፤ ይህ ድራማ አበላሽቶኛል ልል። ታዲያ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ያላየሁትን አየሁ። ጃን ዲ ገና ከመጀመሪያው ጁን ፒዮን በካልቾ ትለዋለች። በመጨረሻም እሱ አሜሪካ ሄዶ አራት ዓመት ሲቆይ፣ እሷ አገሯ ላይ ሕክምና ትማራለች። የሠርግ ልብስ ለብሳ ስትጠብቅ አልተገኘችም። እኔ ከሃያ አምስት ሰዓት ውስጥ የእጅ መጎተቷን ብቻ መርጬ ወሰድኩ። ሲዲው ያው ሲዲ ነው፤ የተለወጥኩት እኔ ነኝ።

ሙዚቃውን አጥፍተው ያዩት ሁሉ ይበላሻል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ በ2019 መጨረሻ የጀመረውን «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ»ን ውሰዱ። ሀብታም የደቡብ ኮሪያ ሴት በነፋስ ተወስዳ ሰሜን ኮሪያ ትወድቃለች፤ አንድ የጦር መኮንን ይደብቃታል። ቡና ለምዳለች፤ እዚያ ደግሞ እንደልብ የለም። ሰውዬው ጥሬ ቡና ፈልጎ ገዝቶ፣ በራሱ እጅ ቆልቶ፣ ፈጭቶ ያጠጣታል። እስቲ እሱን ያለ ድምፅ እዩት! ቡና ምን ያህል ልፋት እንዳለው ለእኛ ማን ይነግረናል? ሌላ ቀን በጨለማ ገበያ ውስጥ ትጠፋበታለች። እጇን አልጎተተም፤ ሻማ ለኩሶ ከሕዝቡ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘላት፤ አይታ ራሷ እንድትመጣ። ያኔ ነው «እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው» ያልኩት።

ተዋንያኑ ራሳቸውም ያስተምራሉ። የዚህ ድራማ ጥንዶች፣ ሂዩን ቢን እና ሶን ዬ ጂን፣ እ.ኤ.አ በ2022 በእውን ተጋቡ። «ዲሴንዳንትስ ኦፍ ዘ ሰን» ላይ ያንገበገቡን ሶንግ ጁንግ ኪ እና ሶንግ ሄ ክዮ ግን በ2017 ተጋብተው በ2019 ተፋቱ። ድራማ አሥራ ስድስተኛው ክፍል ላይ ያልቃል፤ ትዳር አሥራ ሰባተኛው ክፍል ላይ ነው የሚጀምረው።

የዋሂሏ ጓደኛዬ ሙግት

ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዋሂል የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ። ወደ ከተማ ስትገባ ፍላሿን አስጭና ነው የምትመለሰው። ይህን ሁሉ ሳወራላት ሳቀችብኝ። «አንቺ ልጅ ፊልሙን ፈተና አደረግሽው እኮ! እኔ ለመማር አላየውም፤ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ነው የምውለው» አለችኝ። «ታዲያ ያየሽውን ለምን ትደጋግሚያለሽ?» ብላት ምን ብትል ጥሩ ነው? «መጨረሻው የታወቀ ነገር ሌላ የት አለ? ዝውውሬ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ ደመወዜ ወሩን ያዳርስ አያዳርስ አላውቅም፤ ሴቲቱና መኮንኑ እንደሚገናኙ ግን አውቃለሁ። እሷን አይቼ እንቅልፌን እተኛለሁ።»

እውነቷን ነው፤ መልስ አጣሁላት። ድጋሚ ማየት ዕረፍት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው የራሳችንንም ሰው መጨረሻውን የምናውቀው ሲመስለን ነው።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ …

የምትወዱትን ትዕይንት አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ያስደነግጣችኋል? ወይስ ያው ደስ ይላችኋል? ከዚያ የራሳችሁን ሰው በዚያው ዓይን እዩት።

ከታናናሾቻችሁ ጋር እዩ። ለራሳችሁ የፈቀዳችሁትን ለእህታችሁ ትመኙላታላችሁ ወይ? እኔን ያነቃኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ለወንዶችም አለኝ። ልጅቷ ኮሪያ ስላየች ውድ መኪና የምትጠብቅ አይምሰላችሁ። ያ መኮንን የሰጠው ቡናና ሻማ ነው። ሁለቱም ከከፊራ ይገኛሉ፤ ደግሞም ከመኪና ይረክሳሉ።

ስልክ የሚፈትሽ፣ ክንድ የሚያበልዝ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ የሚለወጥበትን ክፍል አትጠብቁ። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ተናገሩ።

እኔ? ገና አላገባሁም፤ አልቸኮልኩምም። እህቴ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው ደወለችልኝ። «አንድ ልጅ አለ» አለች፣ እየተቅለሰለሰች።

«እሺ … እንዴት ነው?»

«ድምፁን አጥፍቼ አየሁት» አለችና ሳቀች። «ሲናደድም እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።»

እናንተስ? ደጋግማችሁ የምታዩት የትኛውን ነው? ደግሞስ በስንተኛው እይታ ነቃችሁ? እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።