በቤን ኔቪስ ራስ ላይ

የታላቋ ብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ ስንት ሜትር ይመስልዎታል? 1,345 ብቻ! ይህን ጽሑፍ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሚያነቡ ከሆነ፥ እርስዎ ከዚያ ተራራ ጫፍ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ተቀምጠዋል።

ቢሆንም ቤን ኔቪስን አይናቁት። ጉዞው የሚጀመረው በስኮትላንድ ምዕራብ ካለችው ፎርት ዊልያም፥ ከባሕር ዳር ስለ ሆነ፥ ከፍታው ሁሉ በእግር የሚወጣ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ሰሜን አየርላንድ ድረስ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያዩት ጉም ነው። ያን ጊዜ መንገድ ከሚያመለክቱት የድንጋይ ካቦች አይራቁ፤ በሰሜን በኩል ጥልቅ ገደል አለ።

መንገዱ መጀመሪያ ለሽርሽር የተሠራ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ክሌመንት ራግ የተባለ ሰው ከጁን እስከ ኦክቶበር በየቀኑ ወደ ጫፉ እየወጣ የአየሩን ግፊትና ሙቀት ይመዘግብ ነበር፤ ባለቤቱም በዚያው ሰዓት ከታች ትመዘግባለች። በ1883 በሕዝብ መዋጮ መንገዱና የአየር ጠባይ መመልከቻው ቤት ተሠሩ። መዝጋቢዎቹም ቀንና ሌሊት፥ በየሰዓቱ፥ 20 ዓመት ያህል ጻፉ። በረዶው በሩን ሲደፍነው በማማው ላይ ባለው በር ይወጡ ነበር። (የመዝገብ ቤት ባልደረቦቻችን ይህን ያንብቡልኝ!)

በ1904 ገንዘብ ጠፋና ቤቱ ተዘጋ፤ ዛሬ የሚያገኙት ፍርስራሹን ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ቀረ?

በ1894 ሴፕቴምበር ቻርልስ ዊልሰን የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ሠርቶ ነበር። ጥላው በጉሙ ላይ ሲያርፍ፥ በዙሪያው እንደ ቀስተ ደመና ያለ ባለቀለም ክብ አየ። ይህንኑ በላቦራቶሪ ለመሥራት ፈልጎ፥ በመስታወት ዕቃ ውስጥ እርጥብ አየርን በድንገት እያሰፋ በማቀዝቀዝ ደመና አበጀ። እየተሻሻለ ሄዶም በ1911 ከአቶም የሚያንሱ፥ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ያለፉበት መንገድ በዕቃው ውስጥ እንደ ቀጭን የደመና ክር ሆኖ ታየ። ዊልሰን በዚህ ሥራው በ1927 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

መዝገቦቹም አልጠፉም። በ2017 በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከ1,000,000 የሚበልጡትን ቁጥሮች ወደ ኮምፒዩተር ገለበጡ፤ ሊቃውንትም የዚያን ዘመን ዐውሎ ነፋስ ያጠኑባቸዋል።

ዕድል ገጥሞዎት ከወጡ፥ ጉም ቢቀድምዎት ቶሎ አይመለሱ። ፀሐይዋ ከጀርባዎ፥ ጉሙ ከፊትዎ ዝቅ ብሎ ከሆነ፥ ጥላዎን ይመልከቱ።