ማዳበሪያ የሚበላው መሬት፦ የጎጃም ደጋ አሲዳማ አፈርና የደጀን ኖራ

ደብረ ማርቆስ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ በ2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብም በአማካይ ወደ 1 ሺህ 300 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ አብቃይ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚነሱት ወንዞችም ዓመቱን ሙሉ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ሀብት እያለ በጎዛምን፣ በማቻከል፣ በስናንና በመሰል ወረዳዎች የሚገኙ ብዙ ማሳዎች የተደረገላቸውን ማዳበሪያ ያህል ምርት አይመልሱም። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም ዋነኛው የአፈሩ አሲዳማ መሆን ነው።

ችግሩን ያመጣው በአመዛኙ ያው የሚመሰገነው ዝናብ ነው። ለረጅም ዘመን የወረደ ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ወደ ታች ሲያሰርጋቸው በቦታቸው ሃይድሮጅንና አልሙኒየም ይተካሉ። የሰው ድርሻም አለበት። እህሉ ወደ ጎተራ፣ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲሄድ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም። ዩሪያን የመሰሉ ማዳበሪያዎችም በአፈር ውስጥ ሲለወጡ አሲድ ስለሚፈጥሩ፣ ያለ ኮምፖስትና ያለ ኖራ ለዓመታት ሲደጋገሙ ነገሩን ያብሱታል።

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በተባለ መለኪያ ሲሆን 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲዳማ ይባላል። አንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዱ በአሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ፒኤቹ ከ5 ነጥብ 5 በታች ሲሆን በአፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም ሟሙቶ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ሥሩም አጥሮና ደንዝዞ ይቀራል። ከዚህ የሚከፋው ግን የፎስፈረስ ጉዳይ ነው። ኤንፒኤስ በተባለው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአልሙኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ተክሉ በማይደርስበት መልክ ይቀመጣል። ሀገሪቱ በውጭ ምንዛሪ የገዛችው፣ አርሶ አደሩ በብድር የወሰደው ማዳበሪያ ማሳው ውስጥ እያለ እንደሌለ ይሆናል። መሬቱ ማዳበሪያውን ይበላዋል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ገበሬው ይህን ያወቀው ከላቦራቶሪ በፊት ነው። ገብስና ባቄላ እየቀጨጩ ሲያስቸግሩት አሲድን የሚችሉትን እንግዶ፣ ግብጦና ድንች ወደ መዝራት አዘንብሏል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደግሞ ብዙዎች የእህል ማሳቸውን ዲከረንስ በተባለው የግራር ዝርያ ሸፍነው ከሰል ወደ ማምረት ዞረዋል። ገቢው ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። በኋላ ግን ዛፉን በሽታ መታው። የአንድ አካባቢ ኑሮ በአንድ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ምን ያህል አደጋ እንዳለው ያን ጊዜ ታየ።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ መጀመሪያ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ነጣ ያለውን የኖራ ድንጋይ ያሳያል። ለሲሚንቶ የሚፈለገው ይኸው ድንጋይ በደንብ ተፈጭቶ በማሳ ላይ ሲበተን ካልሲየሙ የአልሙኒየምና የሃይድሮጅንን ቦታ ይይዛል፤ አልሙኒየሙም ሥርን ወደማይጎዳ መልክ ይለወጣል። ታስሮ የነበረው ፎስፈረስም በከፊል ይፈታል።

በብራዚል ሴራዶ የተባለው ሰፊ ሜዳ ቀድሞ በአሲዳማነቱ ለእርሻ እንደማይበጅ ይታሰብ ነበር። ኖራ፣ ፎስፈረስና ለቦታው የሚስማማ ዘር ተቀናጅተው ሀገሪቱን ከዓለም ግንባር ቀደም አኩሪ አተር ላኪዎች አንዷ አደረጓት። ለዚህ ሥራ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ በ2006 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ብራዚል ግን ኖራውን በከባድ መኪናና በትራክተር ነው ያዳረሰችው።

ጎጃም ላይ የሚሸከመው አህያ ነው፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። እንደ አሲዱ መጠን ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ኖራ ያስፈልጋል እንበል። ይህ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ሰባት ኩንታል ተኩል ይሆናል። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን ለአንድ ጥማድ ብቻ 15 ምልልስ ነው፤ አራት ጥማድ ላለው ቤተሰብ 60 ምልልስ። ማዳበሪያው ግን ለሄክታር ጥቂት ኩንታል ብቻ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን ይገባል። ስለዚህ የኖራው ችግር ከድንጋዩ ይልቅ በወፍጮውና በመንገዱ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት የነበረው የጸጥታ ችግርም መንገዱን አላቀለለውም። ተመራማሪዎች ኖራውን በሙሉ ማሳ ከመበተን ይልቅ በመጠኑ ቀንሶ በዘር መስመር ላይ ማድረግን የሞከሩት ይህን ሸክም ለማቅለል ነው፤ ጥቅሙ ግን በየዓመቱ መደጋገምን ይጠይቃል።

ሌላው እንቅፋት የውል ጉዳይ ነው። በአግባቡ የተበተነ ኖራ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። ማሳውን በእኩል የሚያርስ ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ በእጁ ስለመቆየቱ እርግጠኛ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ምርት ኖራ ተሸክሞ እንዲያወጣ መጠበቅ አይቻልም። ባለመሬቱና አራሹ የኖራውን ወጪና የውሉን ዘመን አብረው ካልተነጋገሩበት ድጎማም ብቻውን አይፈታውም።

ኖራ ለሁሉም መሬት አይሆንም። በእነማይና በሸበል በረንታ ያለው ዋልካ በአብዛኛው የአሲድ ችግር የለበትም፤ የሚያስቸግረው ውኃ መቋጠሩ ነውና የሚፈልገው ሰፊ መደብና ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። አሲድ በሌለበት ማሳ ላይ ኖራ ቢበዛ እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ለተክሉ ያሳጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዶ፣ ቀላቅሎ፣ በልማት ሠራተኛው በኩል ማስመርመር ይገባል።

የከተማው ነዋሪም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። በጎዛምን ማሳ ላይ የታሰረ ፎስፈረስ በደብረ ማርቆስ ገበያ የጤፍና የዳቦ ዋጋ ሆኖ ይመጣል።

ለመኸር ሰብል ኖራው ከዘር አንድ ወር ቢቀድም ይመረጣል። እንደየሰብሉ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ እኩል መበተንና ከአፈሩ ጋር አርሶ መቀላቀል ያስፈልጋል። ከዩሪያ ወይም ከፍግ ጋር በአንድ ጊዜ መደረግ የለበትም፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናልና።