ቀን የሚቆጥር ጉንጉን

በሰሜን ጀርመን በኖቬምበር መጨረሻ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ አሥር ትንሽ አለፍ ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች። ውጭው ብርድ፣ ማታው ረጅም ነው፤ ወዳጅ ዘመድ የሚገናኘው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በዚያ ጠረጴዛ መሀል፣ ገና እስኪደርስ ድረስ በብዙ ቤት ከጥድ ቅርንጫፍ የተሠራ፣ አራት ሻማ የተተከለበት ክብ ይቀመጣል። የአድቬንት ጉንጉን ይሉታል። አድቬንት ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ የእኛ «ምጽአት» እንደ ማለት። ከልደት በፊት ያሉት አራት እሑዶች የሚውሉበት ወቅት የሚጠራበት ስም ነው።

የጠረጴዛ ጌጥ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ማታ ይሠራል፤ እንግዳው ሲሄድ ይነሳል። ይኼኛው ግን ሥራ አለው፤ ይቆጥራል። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ሻማ፣ በሁለተኛው ሁለት እያለ፣ አራቱም ሲበሩ በዓሉ ደጅ ላይ ነው።

የጀመረው ዮሐን ሂንሪሽ ቪኸርን የተባለ የሉተራን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በሃምቡርግ ዳርቻ፣ ሆርን በተባለው ሰፈር፣ ራወ ሃውስ የሚባል የድሆች ልጆች ማሳደጊያ ከፈተ። ዲሴምበር በገባ ቁጥር ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጡት ነበር ይባላል። በ1839 አንድ አሮጌ የጋሪ ጎማ ላይ 20 ትንንሽ ቀይና 4 ትልልቅ ነጭ ሻማዎች ተከለ፤ ቀዩ ለሥራ ቀን፣ ነጩ ለእሑድ። ቁጥሩ ከቀን መቁጠሪያው የመጣ ነው፤ በዚያ ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን እሑድ ውሎ ነበር። እንደ ቀኑ አዋዋል አድቬንት ከ22 እስከ 28 ቀን ስለሚደርስ፣ በሌላ ዓመት ቢሆን ጎማው የሚሸከመው ሻማ ሌላ ይሆን ነበር።

የጥድ ልብሱ የተጨመረው ወደ 1860 ገደማ ነው። ሃያ አራት ሻማ የተሸከመ ጎማ ለቤት ጠረጴዛ አይሆንምና፣ ሰዉ የሥራ ቀኖቹን ትቶ እሑዶቹን ብቻ አስቀረ። ካቶሊኮች ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በ1925 በኮሎኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቀለ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጣት ግን ይወጋል። መሠረቱ ከገለባ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ቀለበት ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ቅርንጫፉ ከስንዝር ባነሰ ቁመት ይቆራረጣል። ሦስት አራቱን አንድ ላይ ይዞ ቀለበቱ ላይ ማጋደም፣ በቀጭን ሽቦ ሁለት ዙር ጠበቅ አድርጎ ማሰር፤ ቀጣዩ እፍኝ የፊተኛውን ማሰሪያ ሸፍኖ ይተኛል። የሣር ቤት ሲከደን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። አቅጣጫው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ ሽቦውም መሀል ላይ አይቆረጥም። ጀማሪ የሚረሳው የውስጡን ጎን ነው። ቆመው ሲሠሩት ያማረው ጉንጉን፣ ተቀምጠው ሲያዩት ገለባው ራቁቱን ይቀራል።

ጥዱም ይመረጣል። ኖርድማን የሚባለው፣ አገሩ ካውካሰስ የሆነው፣ ቅጠሉ ለስለስ ያለ ነው፤ ቢደርቅም ቶሎ አይረግፍም። ስፕሩስ ይረክሳል፤ ግን በሞቀ ክፍል ብዙ ሳይቆይ ቅጠሉ ሾርባ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ሻማው ወፈርና አጠር ያለ ይሁን፤ ሹል እግር ባለው የብረት ማቆሚያ ገለባው ውስጥ ይሰካል። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ባለቤቱ ነው፤ የጥድ ፍሬ፣ የቀረፋ እንጨት፣ ቀይ ሪባን፣ በስሱ ተቆርጦ ለዘብ ባለ የምድጃ ሙቀት ለሰዓታት የደረቀ ብርቱካን። ሽቶ ያለው ሻማ ግን ከምግብ ሽታ ጋር ይጣላል፤ ለሳሎን ይቅር።

ጉንጉኑን የምወድበት ሌላው ምክንያት ዝቅ ማለቱ ነው። በየሆቴሉ ግብዣ መሀል የሚገተረው የአበባ ማማ፣ ከማዶ የተቀመጠውን ሰው ድምፁን እንጂ ፊቱን አያሳይም። በእኛ ማዕድ ይህ ጭንቀት የለም፤ መሀሉን የያዘው ምግቡ ራሱ ነው፣ ጌጡም የመሶቡ ስፌት።

በአራተኛው እሑድ የመጀመሪያው ሻማ ጉቶ ሆኗል፣ የመጨረሻው ገና አዲስ ነው፤ አራቱ ደረጃ ይሠራሉ። ይህ ደስ የማይላቸው ሰዎች ያጠረውን ይለውጣሉ። እኔ ብሆን አልነካውም፤ ያለፈው ሳምንት የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ጀርመን ላደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ጉንጉኑ እንግዳ አይደለም፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ያዩታል። የወላጆቻቸው ቤት ኦርቶዶክስ ከሆነ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን፣ ከአድቬንት ጥቂት ቀደም ብሎ ገብቷል፤ ሁለቱም ልደትን መጠበቂያ ናቸው። የሚለያዩት መጨረሻው ላይ ነው፤ አራቱ ሻማ በርቶ ሲያልቅ የእኛ ገና ገና ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቀረዋል። እስከ ታኅሣሥ 28 ያለውን ጾም በሻማ ልቁጠር የሚል ካለ፣ እንደ ዓመቱ ስድስት ወይም ሰባት እሑድ ስለሚያገኝ ሰፋ ያለ ቀለበት ያዘጋጅ።

አንድ አደራ፦ የደረቀ ጥድ ከችቦ አይለይም። ሻማው ወደ ቅጠሉ ሦስት ጣት ሲቀረው አጥፉት፤ ከክፍሉ ስትወጡ ደግሞ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ሁሉንም አጥፉ።