ውርጭ፦ በጠራ ሌሊት የሚያመልጠው ሙቀት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋማ ቦታዎች ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱም ይበርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል ለሰው የተነገረ ነው፤ የጓሮ ድንችና ባቄላ ግን ከዚህ ምክር ተጠቃሚ አይደሉም። ማታ ለምልሞ የታየው የድንች ቅጠል ጠዋት አመዳይ ለብሶ ይገኛል፤ ፀሐይ ስታርፍበትም ይጠቁራል። የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ለመሆኑ ይህ ቅዝቃዜ ከየት ይመጣል?

በቅድሚያ ውርጭ ከደመና እንደሚወርደው በረዶ ከላይ የሚመጣ ነገር አለመሆኑን እንገንዘብ። ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው፤ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ግን በክረምትም በበጋም ያው ጉና ነው። ታዲያ ውርጩ ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚበረታው ለምንድን ነው?

መልሱ ጨረር ነው። ማንኛውም አካል የሙቀት ጨረር ይለቃል፤ በ0 ዲግሪ ላይ ያለ አፈር እንኳ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 300 ዋት ያህል ወደ ሰማይ ይሰዳል። በክረምት ደመናውና የውሃ ተኑ ጨረሩን ይውጡና አብዛኛውን መልሰው ወደ ምድር ይልካሉ። በደረቅና በጠራ ሌሊት ግን የሚመለሰው ያነሰ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ከከበበው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በሰው ቁመት ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ ቅጠሉ ከ0 በታች ሊወርድ ይችላል። ነፋስ ሲነፍስ የላዩ ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ስለሚደባለቅ ጉዳቱ ይቀንሳል። በአንጻሩ ጸጥ ባለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ በረባዳ ቦታ ይተኛል።

ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ ጤዛ ባሳተመው ጥናት ይህንን አሳይቷል። ከሣር ከፍ አድርጎ በእንጨቶች ላይ የዘረጋው ስስ መሐረብ ከሥሩ ያለውን ሣር ሰማይ ከሚያየው ሣር ይልቅ ሞቃት አድርጎት አደረ። አትክልተኞች ተክላቸውን በስስ ምንጣፍ መሸፈናቸውን ቀድሞ ይንቅ እንደነበርም አምኗል።

ከዚህ ለጓሯችን የሚሆን ትምህርት እናገኛለን። ሽፋኑ ለተክሉ ጣሪያ እንጂ ልብስ አይደለም፤ ጆንያውን ወይም ሸራውን በአራት ችካል ላይ፣ ቅጠሉን ሳይነካ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዘርጋ፤ ጠዋት ሲሞቅ እናንሳው። ገለባ በአፈሩ ላይ ከተነጠፈ የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ከላዩ ያለውን ቅጠል ያስመታል፤ ስለዚህ በውርጭ ሰሞን ቦታው ከተክሉ በላይ ነው። አፈሩን ቀን ላይ ውሃ ማጠጣትም ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ያከማቻል፣ ሌሊትም ይመልሳል። 1 ኪሎ ግራም ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ በታችኛው በኩል ድፍን አጥር ካለው ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ይይዘዋል፤ በዚያ በኩል መውጫ እንተውለት። ጭስ ግን የሚታሰበውን ያህል አይረዳም፤ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቃ ስለሆኑ የሙቀት ጨረሩ አልፏቸው ይሄዳል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህንን በቃላችን ብቻ አትቀበሉት። ጸጥ ባለና በጠራ ማታ ሁለት ሳህኖችን በእኩል ውሃ ሞልታችሁ በገለባ ላይ አስቀምጡ፤ ከአንደኛው በላይ ሳይነካው ጨርቅ ዘርጉ። ጎህ ሲቀድ የሁለቱንም ሙቀት ለኩና መዝግቡ። ልዩነቱን ካያችሁ የቤተሰባችሁን ድንች በምን እንደምትጠብቁት ታውቃላችሁ።