«ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ከማለታችሁ በፊት

ጅቡቲ ላይ በትራንዚት ሥራ የተሰማራ ሰው ስለ መኪና የሚጠየቀው ቀረጡን ነበር። አሁን ደዋዩ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባትሪ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ማስታወቂያ ንጹሕ አየርን ሲሰብክ ኖሯል። ለእኛ ሰው ሲሆን ግን ሻጩ ስለ አየር ንብረት ትንፍሽ አይልም፤ «ከማደያ ሰልፍ ተገላገሉ» ነው የሚለው። አልፈርድበትም። የኢትዮጵያ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ ገዢው ከቤንዚንና ከኤሌክትሪክ አያማርጥም፤ የሚያማርጠው ከቢዋይዲና ከፎልክስዋገን ነው።

የማልወደው «በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ሲኤልቲሲ ከተባለው የቻይና መለኪያ የመጣ ነው። ያው መኪና በአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ሲለካ ያንሳል። ኤሲ ከፍቶ በጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ፣ ለሚነዳ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመስማታችሁ በፊት በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው ማስታወቂያ ላይ የማይታይ ነገር ሶኬቱ ነው። ክዳኑን ክፈቱት። የፈጣን ቻርጁ መሰኪያ ክብ ሆኖ ዘጠኝ ቀዳዳ ካለው ጂቢቲ ነው፤ መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ካለው ሲሲኤስ ነው። ፎልክስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው፤ ስክሪኑም በቻይንኛ ሊቀበላችሁ ይችላል። ዋስትናውን ማን እንደሚሸፍን ቀብድ ሳትከፍሉ በጽሑፍ ተቀበሉ።